የቨርጂኒያ ገቨርነር ምርጫ፦ ፖሉ አልቋል ይላል፤ እኛስ ፖሉ ውስጥ አለን?

ዱክ ስትሪት | ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ 2025

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የምርጫው ቀን ኖቬምበር 4 ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀረው። እሁድ ቡና ላይ ስለ ፖሉ (የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ጥናቱ) ክርክሩ ጦፎ ነበር። ግማሹ «ስፓንበርገር ጨርሳለች፣ ፖሉን አታይም እንዴ?» ይላል። ግማሹ «የምን ፖል? ማንን ጠይቀው ነው?» ይላል። ፖሉን ከፍቶ ያነበበ ሰው ግን አላገኘሁም።

እኔ ያየሁትን ልጻፍ። ሮአኖክ ኮሌጅ በኦገስት ዴሞክራቷን አቢጌል ስፓንበርገርን 46 ከመቶ፣ ሪፐብሊካኗን ዊንሰም ኧርል-ሲርስን 39 ብሎ ነበር። ክሪስቶፈር ኒውፖርት ዩኒቨርሲቲ በሴፕቴምበር 52 ለ40 አለ። ዋሽንግተን ፖስት ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሻር ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ 55 ለ43 አወጣ። ሁሉም ዴሞክራቷን ያስቀድማሉ። የሚለያዩት በስንት የሚለው ላይ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይሄ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል? ነገሩ ካለቀስ እኛ ሄደን ብንሰለፍ ምን እንፈይዳለን?

ሹፌሩ

ወንድሜ፣ እኔ ተጠይቄያለሁ። ደለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ቴክስት መጣ። «ስለ ቨርጂኒያ ምርጫ አጭር ጥናት» ይላል፣ ከሥሩ ሊንክ አለው። እኔ ደግሞ ሊንክ አልነካም። የቶል (የመንገድ ክፍያ) ዕዳ አለብህ እያሉ በዚሁ መንገድ ስንቱን ሰው እንደዘረፉት የማታውቁ የለም። ሰረዝኩት። ዛሬም ቢመጣ እሰርዘዋለሁ።

የማላውቀው ስልክ ሲደወልም አላነሳም። ታዲያ እኔ የት ነው የምቆጠረው?

ቀይ በርበሬ

ፖል ፖል አትበሉብን። በ2021 ያደረግነውን ረሳችሁት? ባይደን በ2020 ቨርጂኒያን በ10 ነጥብ ነው የወሰደው። ዓመት ሳይሞላው ሐበሻው ተነስቶ ዴሞክራቱን ማክአውሊፍን ቀጣው፣ ሪፐብሊካኑ ያንግኪን ገቨርነር ሆኖ ገባ። ማዕቀብ ሲጥሉብን፣ አጎዋ (ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምትልክበትን ዕድል) ሲነጥቁን ዝም እንድንል ነበር የፈለጉት። ድሮ ያለምንም ጥያቄ ሰማያዊ (ዴሞክራት) ነበርን። ያን ዓመት ግን ሪፐብሊካኖቹ ፈልገውን መጡ። እኔ በግሌ ቤት ለቤት ሄጃለሁ። ዘንድሮም ድምፄ ለሲርስ ነው። ከጃማይካ በልጅነቷ መጥታ ማሪን የሆነች፣ ዛሬ ምክትል ገቨርነር የሆነች ሴት ናት። ስደተኛ ለስደተኛ።

ቁጥር ወዳዱ

ሁለታችሁም ጥሩ ቦታ ነክታችኋል። ትንሽ ልዘርዝር፣ ሥራዬም ከቁጥር ጋር ስለሆነ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የዱክ ስትሪትን ጥያቄ። አንድ ፖል 1,000 ሰው ቢጠይቅ የስህተት ህዳጉ (ቁጥሩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት የሚችልበት ልክ) ወደ 3 ነጥብ ነው። 600 ቢጠይቅ ወደ 4 ይጠጋል። ሰው የሚስተው ይሄ ህዳግ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለብቻው መሆኑን ነው። በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ስታስበው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ በ600 ሰው የተሠራ ፖል «7 ነጥብ ትመራለች» ካለህ፣ እውነቱ 15ም ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ እኩልም ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላም አለ። የሮአኖኩን 46 እና 39 ደምሩት፣ 85 ነው። የቀረው 15 ገና አልወሰነም ወይም ሌላ ነገር ብሏል። በኦገስት የወጣ ፖል የሚነበበው እንዲህ ነው።

ግን አንድ ፖል ሌላ፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲያሳዩ ሌላ። እዚህ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው ያዘነበሉት።

ቨርጂኒያ ላይ ፖል የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለ። እዚህ ስቴት ስትመዘገብ ፓርቲ አትመርጥም። መዝገቡ ላይ «ዴሞክራት»፣ «ሪፐብሊካን» የሚል ነገር የለም። ስለዚህ ፖል ሠሪው ምን ያህሉን ከማን ወገን እንደጠየቀ ከመዝገቡ ሊያጣራ አይችልም። በዕድሜ፣ በትምህርት፣ ባለፈው በመረጡት ነው የሚያመጣጥነው። ዋናው ራስ ምታት ደግሞ ማን ወጥቶ ይመርጣል የሚለው ነው። በ2024 ወደ 4.5 ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጠ። በ2021 የገቨርነር ምርጫ የሰጠው 3.3 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ከሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱ ይቀራል ማለት ነው። ማን እንደሚቀር አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፣ የሚገምት እንጂ።

ያለፈውን እዩ። በ2013 የፖሎቹ አማካይ ማክአውሊፍን በ7 ገደማ አስቀድሞት ነበር፤ ያሸነፈው በ2.5 ነው። በ2017 ዴሞክራቱን ኖርዛምን በ3 አካባቢ አስቀደሙት፤ በ9 ገደማ አሸነፈ። በ2021 ያንግኪንን በጠባብ አስቀደሙት፤ በ2 አሸነፈ። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይስታሉ። ስለዚህ «ፖል ሁሌ ለዴሞክራት ያደላል» የሚለውም ወሬ አይሠራም።

ቁጥር ወዳዱ

ቀይ በርበሬ፣ ላንተ ለብቻው መመለስ አለብኝ። ያን ዓመት የሆነው ነገር እውነት ነው፣ አልክድህም። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ ለማስወጣት ለኮንግረስ ያሳወቀው ኖቬምበር 2፣ 2021 ነው። ልክ በምርጫው ዕለት! ሰው ስልኩን እያየ ነበር የተሰለፈው።

ግን «እኛ ነን ያስገባነው» የሚለውን ቁጥሩ አይሸከመውም። የልዩነቱ መጠን ወደ 64 ሺህ ድምፅ ነው። ይህን ለመሙላት ስንት ዜጋ የሆነ፣ የተመዘገበ፣ ሐሳቡን የቀየረ ሐበሻ ያስፈልግ ነበር? ብዙዎቻችን የምንኖርበት ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ ደግሞ ያን ዕለት በሰፊው ለማክአውሊፍ ነው የሰጡት። ምርጫው የተወሰነው በትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፤ ማክአውሊፍ ክርክር ላይ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ምን ያስተምር ብለው ሊወስኑ አይገባም የሚል ነገር ተናገረ፣ አለቀ። ዋይት ሀውስን የያዘው ፓርቲም ቨርጂኒያ ላይ ይሸነፋል፤ ከ1977 ወዲህ ይህን የሰበረው የ2013ቱ ምርጫ ብቻ ነው። ዘንድሮ ይሄው ልማድ በሲርስ ላይ ነው የሚሠራው፣ ዋይት ሀውስ የትራምፕ ነውና።

ቀይ በርበሬ

ቁጥርህን ተቀበልኩ፣ ድምዳሜህን ግን አልቀበልም። ያስገባነው እኛ ብቻ ነን አላልኩም። ከዚያ በኋላ ግን ፖለቲከኞቹ ስማችንን አወቁ። ያ ቀላል ነገር ነው?

የሊዝበርጓ

እኔ ላውደን ካውንቲ ነው የምኖረው፣ በ2021 ጩኸቱ መሐል ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ ነገር ሰውን እንዴት እንዳጋጨ በዓይኔ አይቻለሁ። የልጆቻችን ጓደኞች ወላጆች ሰላምታ ተከላክለው ነበር።

ዘንድሮ እኛ ጋ ሰው የሚያወራው ስለ መብራት ሂሳብ ነው። ሰፈራችን ዳታ ሴንተር በዳታ ሴንተር ሆነ። መስኮት የሌለው ትልቅ ግድግዳ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፣ ማታ ማታ ጉምጉምታው ይሰማል። ለዚያ ሁሉ ማሽን መብራት ማን ይክፈል? ስፓንበርገር ይህን ደጋግማ ታነሳለች፣ ከቤት ኪራይና ከመድኃኒት ዋጋ ጋር። ሲርስ ደግሞ የመኪና ታክስ ይነሳ ትላለች። ለእኔ ሁለቱም የኪስ ወሬ ናቸው። ከፖሉ በላይ ስለዚህ ብናወራ ደስ ይለኛል።

ሹፌሩ

የመኪና ታክስ አልሽ? አሁን ቁስሌን ነካሽ። በወሩ መጀመሪያ ከፍዬ ገና ማገገሜ ነው። ሜሪላንድ ያሉት ዘመዶቼ በየዓመቱ ይስቁብኛል። «መኪና ገዝተህ ኪራይ ትከፍላለህ» ይሉኛል።

አንድ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ለግል መኪና ስቴቱ ከታክሱ ላይ የተወሰነውን ይሸፍንልሃል፣ ከመኪናው ዋጋ እስከ 20 ሺህ ዶላር ድረስ ላለው። መኪናህን ከግማሽ በላይ ለሥራ የምትነዳው ከሆነ ግን ያ ቅናሽ የለህም። ኡበርን ዋና ሥራው ያደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ከእኔ የተሻለ መኪና ይዞ ከእኔ ያነሰ ይከፍላል። ይህን የሚያነሳልኝ ተወዳዳሪ ካለ፣ ፓርቲው ምንም ይሁን፣ እሰማዋለሁ።

ጋሽ ሰላሳ ዓመት

ልጆቼ፣ እኔ እዚህ አገር ስቆይ ብዙ አይቻለሁና ጣልቃ ልግባ። በ1997 ጂም ጊልሞር የሚባል ሰው «የመኪና ታክስ ይጥፋ» ብሎ ነው የተወዳደረው። ሌላ ንግግር አልነበረውም ማለት ይቻላል። አሸነፈም። ታክሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ለምን መሰላችሁ? ታክሱን የሚሰበስበው ስቴቱ ሳይሆን ካውንቲውና ከተማው ነው። ትምህርት ቤትና ፖሊስ በእሱ ነው የሚተዳደሩት። ካነሳኸው ሌላ ቦታ ጉድጓድ ይከፈታል። ስቴቱ እተካለሁ ብሎ ጀመረ፣ ወጪው ሲያብጥ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ገደበው። መኪና እየተወደደ ሲሄድ ያ ገንዘብ የሚሸፍነው እያነሰ መጣ።

ስለዚህ ሲርስም ትበል ሌላ፣ «እንዴት ትተኪዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ገቨርነር ብቻውን አያነሳውም፣ ሪችመንድ ያለው ምክር ቤት መስማማት አለበት። ደግሞ አትርሱ፣ የቨርጂኒያ ገቨርነር ሁለት ጊዜ በተከታታይ መወዳደር አይችልም። በአገሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ገደብ ያለው ስቴት እኛ ብቻ ነን። አራት ዓመት ነው፣ አለቀ። የመጀመሪያውን ዓመት ቢሮውን ሲለምድ፣ የመጨረሻውን ሰው ስለ ተተኪው ሲያወራ ያልቃል። ተስፋውን በዚያ ልክ ስሙት።

ዱክ ስትሪት

ጋሼ እናመሰግናለን። ይሄን ታሪክ እኔ አላውቅም ነበር፣ 1997 ላይ እናቴ ገና ቪዛ እየጠበቀች ነበር።

ሜሪላንዳዊ

ሲልቨር ስፕሪንግ ቦታ አለ፣ ኑ።

የሊዝበርጓ

በእናንተ የገቢ ግብር? ይቅርብን።

ፓርኪንግ ቡዝ

ስለ ደሞዝ ማንም አላነሳም። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ ክፍያ በ2025 በሰዓት 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነው። ምክር ቤቱ ወደ 15 ለማድረስ ሕግ አውጥቶ ያንግኪን ሁለት ዓመት በተከታታይ ውድቅ አደረገው። ድልድዩን ተሻግረህ ዲሲ ብትሠራ ብዙ ትበልጣለህ። ስፓንበርገር 15ቱን እፈርማለሁ ትላለች። ሲርስ ትንንሽ ነጋዴዎችን ይጎዳል ትላለች። ምግብ ቤት ያላቸው ዘመዶቻችን ደግሞ ከሲርስ ጋር ናቸው፣ እዚያ ውስጥ የሚያስተናግዱት ከስፓንበርገር ጋር። በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ፓርቲ አለ።

ያልተወሰነ ሰው

እኔን ያስጨነቀኝ የኢሚግሬሽኑ ነገር ነው። ያንግኪን በፌብሩዋሪ ባወጣው ትእዛዝ ቁጥር 47 የስቴቱ ፖሊስ ከአይስ (ከፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ጋር ተፈራርሞ እንዲሠራ አድርጓል። ስፓንበርገር እሽረዋለሁ ብላለች። ይሄ ገቨርነሩ በፊርማው ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው፣ ምክር ቤት አይጠብቅም። ቤታችን ውስጥ ዜጋም፣ ግሪን ካርድም፣ ቲፒኤስም (ጊዜያዊ የመኖሪያ ጥበቃ) አለ። አንዱ ድምፅ ሲሰጥ ለሁላችንም ነው የሚሰጠው።

ቀይ በርበሬ

ሕግ ያከበረ ምን ያስፈራዋል?

ያልተወሰነ ሰው

ሕግ ያከበረም ሲቆም ልቡ ይመታል ወንድሜ። ጨዋታ አይደለም።

አወያዩ

እስካሁን ጨዋነታችሁ ያኮራል። እንደዚሁ ቀጥሉ። የአገር ቤቱን ጦርነት እዚህ የሚያመጣ አስተያየት ግን አነሳለሁ፣ ሁለት አንስቻለሁ።

አዲስ ዜጋ | ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ሰላም። በቅርቡ ነው የማልኩት። በመጀመሪያዬ ልመርጥ ነው፣ ግን ግራ ገባኝ። ቢሮ አካባቢ አንዱ «ስምህ ሊሰረዝ ይችላል» አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። እሷም ዜጋ ናት። ብቻዋን ገብታ ምን ታደርጋለች? ወረቀቱ በአማርኛ አለ?

ቁጥር ወዳዱ

እንኳን ደስ አለህ! በቅደም ተከተል ልመልስ።

ስም መሰረዝ የሚባለው ከየትም የመጣ ወሬ አይደለም። አምና ከምርጫው በፊት ስቴቱ «ዜጋ አይደሉም» ያላቸውን ወደ 1,600 ሰዎች ሰርዟል፣ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በኦክቶበር 30፣ 2024 ስቴቱ እንዲቀጥል ተፈቅዷል። ከተሰረዙት መሐል ዜጎችም ተገኝተዋል። እኛን የሚነካው እዚህ ጋ ነው፦ መነሻው የዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) መረጃ ነው። መንጃ ፈቃድህን በግሪን ካርድ አውጥተህ፣ በኋላ ዜጋ ሆነህ ካላሳደስከው፣ እዚያ ያለው መረጃ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስቴቱ የምርጫ ድረ ገጽ ገብተህ ስምህን ዛሬውኑ አረጋግጥ። ደቂቃ አይፈጅም።

መደበኛ ምዝገባው የሚዘጋው ኦክቶበር 24 ነው። ከዚያ ቢያልፍህም በር አልተዘጋብህም፤ ከ2022 ጀምሮ በዚያው ቀን ተመዝግበህ በጊዜያዊ ወረቀት መምረጥ ትችላለህ፣ ድምፅህ ተጣርቶ ይቆጠራል። መታወቂያ ብትረሳ እንኳ ማንነትህን አረጋግጠህ የምትፈርመው ቅጽ አለ።

የሊዝበርጓ

የእናትህን እኔ ልመልስ፣ የራሴን እናት ይዤ ስለምሄድ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያግዘውን ራሱ መርጦ ይዞ መግባት የፌዴራል ሕግ መብቱ ነው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የፈለገችው። አሠሪዋ ወይም የሠራተኛ ማኅበሯ ሰው ብቻ መሆን አይችልም። በሩ ላይ አጭር ቅጽ ትሞላላችሁ፣ አብራችሁ ትገባላችሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ሠራተኛ «ብቻዋን ትግባ» ሊል ሞክሮ ነበር፣ ኃላፊዋን ጥሩልኝ አልኩ፣ ወዲያው ተፈታ። በእርጋታ ብቻ ጠይቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እናትህ የምትፈልገውን ነው የምትሞላላት። የእኔ እናት ከእኔ ጋር በአንድም ሰው ተስማምታ አታውቅም፣ አጥቁሬላት ወጥቻለሁ።

ቁጥር ወዳዱ

አማርኛውን ልጨርስ። የምርጫ ወረቀትን በሌላ ቋንቋ የሚያስገድደው በ1975 የተጨመረው የፌዴራል ድንጋጌ ነው። የሚሸፍነው ግን የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና የአላስካ ተወላጆችን ቋንቋዎች ብቻ ነው። ፌርፋክስ ውስጥ ስፓኒሽና ቬትናምኛ ያለው ለዚህ ነው። የአፍሪካ ቋንቋ ሕጉ ውስጥ ስለሌለ፣ ሐበሻው በቁጥር ቬትናሞቹን ቢበልጥ እንኳ አማርኛ በዚያ ሕግ አይገደድም። ዲሲ በራሷ የ2004 ሕግ አማርኛን አስገብታለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን መግፋት ያለብን ምክር ቤቱን ነው፣ መቶውም የታችኛው ምክር ቤት ወንበር ደግሞ ዘንድሮ ነው የሚመረጠው። ሰፈርህ መጥቶ በር የሚያንኳኳውን ተወዳዳሪ ይህን ጠይቀው።

ወደ ፖሉም ያመጣናል። ስልክ ላይ የሚጠይቁህ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቢበዛ በስፓኒሽ። በስቴቱ ከመቶ መራጭ አንዱ ሐበሻ ነው ብለን እንኳ ብናስብ፣ 800 ሰው በተጠየቀበት ፖል ውስጥ 8 ብንሆን ነው። ከስምንቱ እንግሊዝኛ የማይመቻቸውን ቀንስ፣ እንደ ሹፌሩ ሊንክ የሚሰርዙትን ቀንስ። ሹፌሩ የት ነው የምቆጠረው ብሎ ጠይቆ ነበር። ፖል ውስጥ አትቆጠርም። ሳጥኑ ውስጥ ግን ትቆጠራለህ።

ሹፌሩ

ተመለሰልኝ።

ዱክ ስትሪት

ስለ ጄይ ጆንስስ? ሐሙስ ኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ በተደረገው የገቨርነር ተወዳዳሪዎች ክርክር ግማሹ ጊዜ በእሱ አለቀ። ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሚወዳደረው ዴሞክራት በ2022 ስለ ቀድሞው አፈ ጉባኤ የላከው ቴክስት አስቀያሚ ነው። ሲርስ ስፓንበርገርን «ከውድድሩ ይውጣ በዪ» ብላ ደጋግማ አፋጠጠቻት፣ እሷም መልእክቱን አወገዘች እንጂ ይውጣ አላለችም።

ጋሽ ሰላሳ ዓመት

ሦስቱን ለየብቻ ነው የምትመርጡት ልጆች። ገቨርነር፣ ምክትል፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ። ከአንዱ ፓርቲ ገቨርነር፣ ከሌላው ዐቃቤ ሕግ መምረጥ ይቻላል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ቀላቅዬ መርጫለሁ። ስፓንበርገርን ወድዶ በጆንስ የተቀየመ ሰው ለሪፐብሊካኑ ተፎካካሪው ለሚያሬስ ቢሰጥ ወረቀቱ አይበላሽም። ፖሎቹም የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ፉክክር ከገቨርነሩ ይልቅ ጠባብ አድርገው ነው የሚያሳዩት፣ አትደባልቁት።

በነገራችን ላይ ከሁለቱ ማንም ታሸንፍ፣ ቨርጂኒያ የመጀመሪያዋን ሴት ገቨርነር ታገኛለች። አንዷ የቀድሞ ሰላይ፣ አንዷ የቀድሞ ማሪን። ባለቤቴ «እኔ ሁለቱንም እፈራለሁ» አለች።

ፓርኪንግ ቡዝ

እኔ ማክሰኞ ኖቬምበር 4 ከሥራ አልወጣም። ምን ላድርግ?

የሊዝበርጓ

ምን ማክሰኞን ያስጠብቅሃል? ቀድሞ መምረጥ ከሴፕቴምበር 19 ጀምሮ ክፍት ነው፣ እስከ ቅዳሜ ኖቬምበር 1። ምክንያት አይጠይቁህም። ማክሰኞ የግድ ከሆነም በአበሻ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ነው፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ከተሰለፍክ አይመልሱህም።

ሹፌሩ

እንዲያውም ልንገራችሁ። ኖቬምበር 1 ቅዳሜ መኪናዬን ይዤ አሌክሳንድሪያና ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ እዞራለሁ። እናት አባት ያላችሁ፣ መኪና የሌላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። በነጻ ነው። መንግሥት ከተዘጋ ወዲህ ተሳፋሪው ቀዝቅዟል፣ ጊዜ አለኝ። ማንን እንደምትመርጡ አልጠይቅም።

አዲስ ዜጋ

እኔና እናቴ እንመጣለን። እሷ ፊት ወንበር ነው የምትወደው።

ቀይ በርበሬ

እኔም መኪናዬ ጋራዥ ነው። ድምፄ ግን ለሲርስ ነው፣ ቀድሜ ልንገርህ።

ሹፌሩ

ችግር የለም። አንተ ኋላ ወንበር፣ በያልተወሰነ ሰው እና በፓርኪንግ ቡዝ መሐል ትቀመጣለህ። ጠዋት 3 ሰዓት ተዘጋጅ።